ባለጣቱና ኮከቧ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ባለጣቱ ነው የሚለው። የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። የራስ ቅል ከፍቶ፣ የአንጎሉን ሽፋን ገልጦ፣ የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት ቀስ አድርጎ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ "እዚህ ነው" ይላል። ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎል ጠንከር ስለሚል፣ ፍራሽ ውስጥ እንደተረሳ ጠጠር ለጣቱ ይታወቀዋል። ሲከፍቱትም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ያልሆነበት ጊዜም ነበር፤ ያንን ግን የሚያነሳ ሰው የለም፤ እሱማ ጨርሶ አያነሳውም።

ኋላ መሣሪያዋ መጣች።

ሲያዩዋት ያን ያህል አይደለችም። ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን፣ ከላይ ሁለት ዓይን ያለው ካሜራ፣ እስክሪብቶ የመሰለ የብረት ጠቋሚ፣ ደግሞም በሽተኛው ራስ አጠገብ የምትታሰር፣ ጫፍ ጫፏ ላይ የሚያብረቀርቁ ኳሶች ያሏት ትንሽ ብረት። ይህችን ብረት ኮከብ ይሏታል። ካሜራው ኮከቧንና ጠቋሚውን ያያል፤ ሐኪሙ ጠቋሚውን ራስ ላይ ሲያሳርፍ ጫፉ አንጎሉ ውስጥ የቱ ጋ እንደደረሰ፣ ቀደም ብሎ በተነሳው የኤምአርአይ ምስል ላይ ይታያል። ዕጢው እዚህ ነው፣ አንተ እዚህ ነህ፣ በቃ። ዓይን መጨፈን የለም።

ይዟት የመጣው ተማሪው ነው። ተማሪው ከተመረቀ ቆይቷል፤ ፀጉሩም ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ቢላ አያያዝ ያስተማረው ባለጣቱ ስለሆነ ግን እስኪሞት ተማሪዬ ሊለው ቆርጧል። ልጁ የመሣሪያዋን አሠራር ሊማር ርቆ ሄዶ ሲመለስ ባለጣቱ አቅፎ ሳመው። መሣሪያዋን ሲያይ ግን "ጎማ አላት እንዴ?" ብቻ ብሎ ወጣ።

መሥራቷ አላናደደውም። ትሥራ። ያናደደው አቀባበሉ ነው። ነርሶቹ ሥራ ጨርሰው ሲወጡ አቧራ እንዳይነካት ጨርቅ ያለብሷታል፤ እሱ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን ሲያስነጥስ አንድ ሰው ሹራብ አላቀበለውም። የቆመችበት ጥግ የእሱ በርጩማ የነበረበት ነው፤ በርጩማው ኮሪደር ወጥቶ የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ድሮ ዓይኑን አይታ ብቻ መቀስ ይሁን መቆንጠጫ ለይታ ታቀብለው ነበር፤ አሁን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሁለቴ መጠየቅ አለባት። አንድ ቀን ጣቱን አሳርፎ፣ ጨፍኖ፣ ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ስክሪኑን ሲያይ አገኘው።

"እዚህ ነው" አለ።

"አዎ ዶክተር፣ እሷም እንደዚያ ነው የምትለው" አለችው ሰመመን ሰጪዋ፣ ደስ ይበለው ብላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ብቻውን መብላት ጀመረ። ቅናት ነው ያለው ሰው ቢኖር ይጣላው ነበር። እሱ የሚያስበው ለበሽተኞቹ ነው። መብራት ቢጠፋስ? ካሜራው ቢጋረድስ? ጣት አይጋረድም። ይህን ለጥበቃው ሳይቀር ነግሮታል።

በዚህ መሀል ነው እህቱ የታመመችው።

ወላጆቻቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ነች። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ከሰው ስታገናኝ፣ በየመሀሉም ስታወራ ኖራ ጡረታ ወጣች። ማውራቱን ግን ጡረታ አላወጣችውም። አንድ ከሰዓት ቤቷ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ "እስቲ ቁልፉን አቀብለኝ፣ ስኳሩን ላማስልበት" አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ማንኪያውን በጣቷ እያሳየች "ቁልፉን" አለች ደግማ። ያኔ እሱም መሳቁን ተወ።

ምስሉ ሲነሳ ዕጢው በግራ በኩል፣ ንግግር ከሚቀመጥበት ሥር፣ ገባ ብሎ ታየ። ካልወጣ ቃሎቿን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፤ ሲወጣ እጅ ከሳተ ደግሞ ባንዴ ይዟቸው ይሄዳል። ባለጣቱ ምስሉን ይዞ ቤቷ ሄደና አስረዳት። ሐኪም የገዛ ዘመዱን እንደማይቀድ ያውቃል፤ ቢሆንም እሷ ብትለምነውና እሱ ደንብ ነው ብሎ እምቢ ቢላት ደስ ይለው ነበር። እምቢታውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቶታል፣ በጣም ለስላሳ እምቢታ ነው።

"ያ ልጅ ያድርገው" አለች።

"የቱ ልጅ?"

"ቴሌቪዥን ያለው።"

"እታለም፣ ቴሌቪዥን እኮ አይደለም።"

"ምንም ይሁን፣ እያየ ነው የሚሠራው። አንተ ዓይንህን ትጨፍናለህ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"አንተው ነሃ፣ ማሙሽ። ዕድሜህን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስትል አይደል የኖርከው? በሰው ራስ ሲሆን ወሬው ደስ ይል ነበር።" ሻይዋን ፉት አለች። "ደግሞ ከትንሽነትህ ጀምሮ ጣትህን የማትከትበት ስኳር ዕቃ አልነበረም። እኔ ራሴን ስኳር ዕቃ አላደርግም።"

ሌላ ሐኪም መምረጧ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ተማሪው ነገሩን ሊያስረዳት ቤቷ መጣ። ራሷ ከተከፈተ በኋላ ከሰመመን እንደሚቀሰቅሷት፣ ንግግሯን እየሰሙ የቱ ጋ መንካት እንደሌለባቸው እንደሚለዩ፣ አንጎል ራሱ ሕመም ስለማያውቅ እንደማያማት ነገራት። የእሷ ሥራ ማውራት ብቻ ነው አላት። እሱንማ ሳልቀጠር ስሠራው ነው የኖርኩት አለችው። ባለጣቱ ወጥ ቤት ሆኖ ብርጭቆ እያጠበ ሲስቁ ይሰማል። አንዱን ብርጭቆ ደጋግሞ አጠበው። ልጁን "ልጄ" ስትለው ሰማ። እሱ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው።

ተማሪው ሲወጣ በር ላይ ያዘውና ረዳት ሆኜ እቆማለሁ አለው። ተማሪው ደንቡ አይፈቅድም ብሎ አንገቱን ደፋ። ደንቡን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ አለው ባለጣቱ። ተማሪው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አሁን ስለ ነቅነቃው መናገር ያስፈልጋል። የአንጎል ቀዶ ጥገና ሲደረግ የበሽተኛው ራስ በብረት ተይዞ ከአልጋው ጋር ይታሰራል፤ ንቅንቅ እንዳይል። ባለጣቱ ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ ብረቱ በሥራ መሀል ላልቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢላ ከመያዙ በፊት ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ መሰላል ሊወጣ እንደሚፈትሽ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይነቀንቀዋል። ከዚያ "ያዘ" ይላል። ያላደረገበት ቀን የለም። ነርሶቹ "ነቅነቃው" ይሉታል፤ ያስተማራቸው ሐኪሞች ሁሉ ከእሱ ወስደውታል።

የቀዶ ጥገናው ቀን ተማሪው የራሷን ብረት አጠበቀና ኮከቧን ከብረቱ ክንድ ጋር አሠረ። ከዚያ እህትየው በሰመመን ተኝታ ሳለ በጠቋሚው ግንባሯን፣ የአፍንጫዋን ጫፍ፣ የዓይኖቿን ጥግ እየነካ መሣሪያዋን ከፊቷ ጋር አስተዋወቃት። ራሷን አጽድቶ ጨርቅ አለበሰ፤ በፊቷ በኩል ግን ጨርቁ እንደ ድንኳን ከፍ ብሎ ክፍት ተተወ፣ ስትነቃ የምታወራው በዚያ ነውና።

"ከእንግዲህ ኮከቧን ማንም እንዳይነካ" አለ ተማሪው። "ሁሉም ነገር የተለካው ከእሷ ነው። ንቅንቅ ካለች መሣሪያዋ ትዋሻለች፤ ስትዋሽ ደግሞ ፊቷ አይቀላም።"

ባለጣቱ በዚያ ሰዓት ደጅ እጁን እየታጠበ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ቃል በቃል ሰምቷል። ይሄ እንዳይረሳ።

ገባ። ተማሪው ጀርባውን አዙሮ ነርሷ ጋውኑን ታስርለታለች። ባለጣቱ ጓንቱን አጥልቆ ወደ እህቱ ራስ ቀረበ፣ ብረቱን በጨርቁ ላይ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ነቀነቀ። የግራ እጁ ትንሽ ጣት የኮከቧን ክንድ አገኘች። ቀጭ አለ። ብዕር ሲከደን የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ከእሱ በቀር የሰማ የለም።

"ያዘ" አለ፣ ከልምድ።

እጄ ለምዶ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ራሱ ግን ሲነገረው በደንብ አላዳመጠም። ለማንኛውም ሊናገር ነበር፤ አፉንም ከፍቷል። ልክ በዚያች ደቂቃ መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ፣ ያቺ ዓይኑን አይታ መቀስ የምታቀብለው፣ "ዶክተር ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፣ ካሜራውን ጋረዱባት" አለችው።

አፉን ዘጋ። ፈቀቅ አለ።

ክፉ ሰው አይደለም። እህቱ እንድትጎዳ አልፈለገም፤ ይህን ቢያስበው ያመው ነበር። የፈለገው መሣሪያዋ ትንሽ እንድትስት ነው፣ ትንሽ ብቻ፣ ሰው ፊት። ትስታለች፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ያኔ እኔ ጣቴን አሳርፌ እዚህ ነው እላለሁ። በሐሳቡ ነርሷ ወደ እሱ ዞራ ስታይ ሁሉ ታየው። ተማሪው ከመቅደዱ በፊት ጠቋሚውን አንስቶ ልኬቱን ደግሞ ሊፈትሽ ወደ ፊቷ ሲዘረጋ፣ ዓይኑ ከአስተማሪው ዓይን ጋር ተጋጨና መልሶ አስቀመጠው። ባለጣቱ ይህንንም አየ። ዝም አለ።

አጥንቱ በስክሪኑ ምሪት ተከፈተ። እህትየው ቀስ እያለች ነቃች። መጀመሪያ ያለችው "ሻይ የለም?" ነው። ሰመመን ሰጪዋ አጠገቧ ተቀምጣ ሥዕል ታሳያት ጀመር።

"ጃንጥላ። ያውም የተቀደደ። መሰላል። ይሄ ዶሮ ነው፤ የሣለው ሰውዬ ግን ዶሮ አይቶ አያውቅም።"

ተማሪው ኤሌክትሪክ ባላት ቀጭን ዘንግ አንጎሏን ነካ ነካ ያደርጋል። አንድ ቦታ ሲደርስ "ይሄ... ይሄ..." ብላ ዝም አለች። ዘንጓን አነሳ። "ማበጠሪያ! ማነው ከምላሴ ላይ የወሰደብኝ?" አለች። ቦታው ላይ ምልክት አኖሩ፣ አይነካም።

ከዚያ ተማሪው ምልክት በሌለበት በኩል፣ ስክሪኑን እያየ፣ ጠባብ መንገድ ከፍቶ መግባት ጀመረ። ሄደ፣ ሄደ። ስክሪኑ ደርሰሃል አለው። የሚያየው ግን ጤነኛ አንጎል ነው። ትንሽ ጨመረ። ስክሪኑ ዕጢው መሀል ነህ አለው። ዕጢ የለም። ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ነርሷ ጠረገችለት።

"ጋሼ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስክሪኑ ሌላ ይለኛል፣ እኔ ሌላ ነው የማየው። እስቲ ጣትዎ ይሞክርልኝ።"

ይኸው መጣ። ለወራት ምሳውን ብቻውን እየበላ የጠበቀው ቀን። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ፣ ነርሷም ጭምር፣ ልክ በሐሳቡ እንዳየው። ጠቋሚ ጣቱን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ምንም የለም።

ትንሽ ወደ ፊት አደረገው። ምንም። ወደ ኋላ። ስልክ እየጠራ የሚያነሳው እንደጠፋ ያለ ነገር ነው። የእህቱ ዕጢ ለስላሳው ዓይነት ነበር፣ ከአንጎሉ ጋር አንድ ዓይነት ልስላሴ፤ ለጣት የሚነግረው ነገር የለውም።

"ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?" አለች እህትየው ከድንኳኗ ሥር። "ማሙሽ ጨፈነ እንዴ?"

የሳቀ የለም። ሰመመን ሰጪዋ ቶሎ ብላ ቀጣዩን ሥዕል አሳየቻት።

"ቁልፍ" አለች እህትየው።

ሥዕሉ ማንኪያ ነው። ባለጣቱ ከላይ ሆኖ ያየዋል። ዕጢው ይሁን የተቆፈረው መንገድ ይሁን ይህን ያመጣው፣ የሚያውቅ የለም። ተማሪው አንዴ ስክሪኑን አንዴ አስተማሪውን አየና "ትንሽ ልግባ መሰለኝ ጋሼ። ግባ ነው የምትለው" አለ።

"አትግባ።"

"ለምን?"

"ኮከቧን ነክቻታለሁ። ስገባ ስነቀንቅ። ቀጭ ብላለች፣ ሰምቻለሁ።" የመጨረሻዋን ቃል ባይላትም ይችል ነበር። አላት።

ተማሪው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። መሣሪያውን ከአንጎሏ አወጣ፣ የተከፈተውን ቦታ እርጥብ ጥጥ አለበሰው፣ የኮከቧን ክንድ ብሎን አጠበቀ። ከዚያ ለጀማሪ እንደሚነገር እያንዳንዱን ቃል ለየት አድርጎ ነገረው፤ ፊታቸው ክፍት ነው፣ እንደገና እንለካለን፣ ጓንትዎን ያውልቁና በዚያ በኩል ይዙሩ፣ መጀመሪያ የለካሁበት ጠቋሚ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ባለጣቱ ጠቋሚውን ይዞት አያውቅም። ቀላል ነው፣ ከጠበቀው በላይ ቀላል። ድንኳኗ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከግንባሯ በላይ ያለው ሁሉ ከጨርቁ ማዶ ነው፣ ከዚህ በኩል ፊቷ ብቻ አለ፣ አሮጌው ፊቷ። ግንባሯን ነካ። ከማዶ ተማሪው "ይቀጥሉ" አለ።

"ሰምቻለሁ" አለችው ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ፣ እታለም።"

"በእኔ ራስ ላይ ነው ቅናትህን የምትወጣው?"

አልቀናሁም ሊል ነበር። ጠቋሚው ግን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነበር፣ ትንሽም ሸርተት ብሏል፤ የሰው አፍንጫ ነክቶ መዋሸት አስቸገረው። "ቀንቻለሁ" አለ።

"በልጁ ነው በብረቱ?"

"በሁለቱም።" የዓይኗን ጥግ ነካ። "ከአንቺም ጋር ሲሳሳቅ ነበር።"

"አንተ መቼ ታስቀኛለህ? በመጣህ ቁጥር ደም ግፊቴን ነው የምትለካው።" ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች። "አስተካክለህ ንካ። አፍንጫዬን ደግመው፣ አጭበርብረሃል።"

ደገመው። መሣሪያዋ ተቀበለች።

ልዩነቱ ሲታይ የአንድ ጣት ስፋት ሆኖ ተገኘ፤ የየትኛው ጣት እንደሆነ የጠየቀ የለም። አጥንቱ ወደ ኋላ ተጨምሮ ተከፈተ፤ ጠባሳዋ በዚያው ልክ ረዘመ። አዲሱ መንገድ ቀጥታ ዕጢው ላይ አደረሰው፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ከአንጎሉ በመልክ እንጂ በመዳሰስ የማይለይ። "ይሄንን የማንም ጣት አያገኘውም ነበር ጋሼ" አለ ተማሪው፣ ሊያጽናናው። ባለጣቱ በሕይወቱ እንደዚያ የሚያም ማጽናኛ ሰምቶ አያውቅም። ቀሪውን ሰዓት ድንኳኗ ሥር ተቀምጦ ሥዕል ሲገልጥ ዋለ።

ማንኪያው ደግሞ መጣ።

"ማንኪያ" አለች። "ቅድም ምን ነበር ያልኩት?"

"ቁልፍ።"

"ውሸታም።"

ሲጨርሱ መታጠቢያው ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ተማሪው እጁን እያጠበ ልኬቱን ደግሞ መፈተሽ እንደነበረበት፣ ባለጣቱ ሲያየው አፍሮ እንደተወው ነገረው። ከዚያ ወደ ቧንቧው እያየ ጨመረበት፤ "እኔ እኮ ያንን ጣት ስቀናበት ነው የኖርኩት። እንደሱ ያለ እንደማይኖረኝ ሲገባኝ ነው መሣሪያዋን ልማር የሄድኩት።" ባለጣቱ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ቢጠብቅ አይሰለቸውም ነበር። አሁን የመጣው ደስ ሊሰኝበት በማይችልበት ቀን ነው። ፎጣውን አቀበለው።

ለክፍሉ ኃላፊ ሄዶ የነገረው ራሱ ነው። ለጊዜው ቢላ እንዳይዝ ተባለ። እህቱን በሦስተኛው ቀን ራሷ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ለአጠገቧ በሽተኛ የስልክ ቤቱን ዘመን እያወራች አገኛት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ይሄን ነገር እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳልህም" አለችው ድምፅዋን ቀንሳ። "እንዳልረሳው ደግሞ አስተካክላችሁልኛል።" ወዲያው ተማሪው በር ላይ ብቅ አለ። "ልጄ! ና፣ ና ተቀመጥ" አለችና ባለጣቱን ከወንበሩ እንዲነሳ በዓይኗ ጠቀሰችው። ተነሳ።

ቢላው ሲፈቀድለት የክፍሉ አሠራር ተለውጦ ጠበቀው። ነቅነቃው አልቀረም፤ ግን ቀደመ። መጀመሪያ ብረቱ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ኮከቧ ትታሰራለች፣ ከዚያ ይለካል፣ ከዚያ ማንም አይነካም። ተማሪው ይህን ለሁሉም ሲያስረዳ "የጋሼ ነቅነቃ" ነው ያለው፤ በአክብሮት። ባለጣቱ እጁን ታጥቦ ገብቶ ወደ ብረቱ ሲያመራ ተማሪው ቀድሞት ደርሷል። ብረቱን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው፣ ነቀነቀ።

"ያዘ" አለ፣ በባለጣቱ ድምፅ ቁርጥ።

ጥሩ ነቀነቀ። በጣም ጥሩ። ነርሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ባለጣቱ ያ የሚያውቀው ነገር ከጎድኑ ሥር ሞቅ ሲል ተሰማው፤ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈና ኮከቧ ገና ከሳጥኗ ሳትወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ።